የዘገየ ኤስኤስዲ ሁሉ አላረጀም

አሶሳ ላይ ኮምፒውተር የሚያስጠግን ሰው አዲስ ኤስኤስዲ ሲፈልግ ብዙ ጊዜ ዕቃው ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት። መንገዱ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የማስመጫው ወጪ፣ ያለ ሥራ የሚያልፈው ቀን፣ የመጣው ዕቃም ትክክለኛ ላይሆን መቻሉ ሲደመር ነገሩ ቀላል አይደለም። ስለዚህ «ኮምፒውተሬ እንደ ድሮው አይደለም፤ ኤስኤስዲው አርጅቷል መሰለኝ» ብለው ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይህን መመሪያ ይዘው ማሽንዎ ፊት ይቀመጡ። አርጅቷል ከሚባለው ድራይቭ ብዙው የተጨናነቀ፣ የጋለ ወይም ራሱን የሚያጸዳበት ጊዜ ያጣ ነው። እነዚህ ሦስቱ ያለ ወጪ ይስተካከላሉ። በእርግጥ ያረጀውም ቢሆን ቀድመው ካወቁበት ፋይልዎን ይዞ ከመጥፋቱ በፊት ይደርሱበታል።

መመሪያው ለቢሮ ሠራተኛው፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ለሚያዘጋጀው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለቪዲዮ አቀናባሪው፣ ለጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት፣ እንዲሁም ባምባሲ፣ ካማሺ፣ ግልገል በለስ ወይም ኩርሙክ ሆኖ ጠጋኝ በቅርብ ለማያገኝ ሰው ነው። የሚሠራው በዊንዶውስ 10 እና 11 ነው።

ድራይቩ ውስጥ የሚሆነው

ኤስኤስዲ እንደ ቀድሞው ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ነገር የለውም። መረጃውን የሚይዘው ፍላሽ በሚባል ቺፕ ውስጥ የኤሌክትሪክ ቻርጅ በማስቀመጥ ነው። ፍላሽን የፈለሰፉት የቶሺባ ኩባንያ መሐንዲስ የነበሩት ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ ሲሆኑ፣ ዛሬ ኤስኤስዲዎቻችን ውስጥ ያለውን ናንድ የተባለውን ዓይነት ይፋ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ቺፑ ከጥንት ጀምሮ የማይለቀው ጠባይ አለው፤ ሲጻፍበት በትንንሽ ገጽ ነው፣ ሲጠፋ ግን ብዙ ገጾችን የያዘ ብሎክ አንድ ላይ ይጠፋል። መስመር በመስመር የሚጻፍበት፣ ነገር ግን አንድ መስመር ብቻ ነጥሎ መጥረግ የማይቻልበት የክፍል ሰሌዳ ያስቡ። አንዷን መስመር ለማንሳት የቀሩትን ሌላ ሰሌዳ ላይ ገልብጦ ሙሉውን መጥረግ ግድ ነው።

ድራይቩ አዲስ ሳለ ባዶ ሰሌዳ በብዛት ስላለው የሰጡትን ወዲያው ይጽፋል። ሲሞላ ግን አዲስ ፋይል ለመቀበል መጀመሪያ የሚፈለገውን ወደ ሌላ መገልበጥ፣ ከዚያ መጥረግ፣ ከዚያ መጻፍ ይኖርበታል። የመዘግየት ትልቁ ምንጭ ይኸው ነው። ተጨማሪው ጽሕፈት ደግሞ ቺፑን ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል፤ እያንዳንዱ ብሎክ የሚችለው የመጻፍና የመጥፋት ዙር የተወሰነ ነውና።

በዚህ ላይ ሌላ ችግር አለ። እርስዎ ፋይል ሲሰርዙ ዊንዶውስ ስሙን ከመዝገቡ ያነሳል እንጂ ድራይቩ ቦታው እንደተለቀቀ በራሱ አያውቅም። የሚነግረው ትሪም የሚባል ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ካልደረሰው እርስዎ የጣሉትን ቪዲዮ እንደ ንብረት ቆጥሮ ከቦታ ቦታ ሲያዘዋውር ይኖራል።

ምንም ከመንካትዎ በፊት ቅጂ ይያዙ

ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ያንኳኳል፣ ይንጫጫል። ኤስኤስዲ ድምፅ የለውም፤ ዛሬ ዘግይቶ ነገ ጠዋት ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ ነው። ያው ድራይቭ ሲ እና ዲ ተብሎ ተከፍሎ ከሆነ ከሲ ወደ ዲ የገለበጡት ቅጂ አይባልም፤ ሁለቱም በአንድ ድራይቭ ላይ ስለሆኑ አብረው ይሄዳሉ። ይህን ሳያውቁ የዓመታት የቢሮ ሰነድ ያጡ ሰዎች አሉና አደራ እላለሁ።

ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ ከማድረግዎ በፊት ከፍተው በደንብ ይመልከቱ። ትሪም ከሠራ በኋላ የተሰረዘን ፋይል በሪከቨሪ ሶፍትዌር መመለስ በአብዛኛው አይቻልም። በሃርድ ዲስክ ዘመን የለመድነው «ጠጋኝ ያወጣልኛል» የሚለው ተስፋ እዚህ አይሠራም።

ጥፋቱ በእርግጥ የድራይቩ ነው?

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማኔጀርን ይክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ ወደሚለው ገጽ ይሂዱ። ኮምፒውተሩ ሲንቀረፈፍ ሜሞሪው ከ90 በመቶ በላይ ከሆነ ችግሩ የራም ማነስ ነው። ዊንዶውስ ራም ሲያጥረው ድራይቩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል። አራት ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ክሮምን በብዙ ታብ ከፍቶ ከጎኑ ወርድ የሚሠራ ሰው ድራይቩን በከንቱ ያማል፤ ራም መጨመር ከሁሉም በፊት የሚቀድመው መፍትሔ ነው።

ሜሞሪው ነፃ ሆኖ ሳለ ዲስኩ 100 በመቶ ተይዟል እያለ የሚጽፈው ግን በሰከንድ ጥቂት ሜጋ ብቻ ከሆነ፣ አቬሬጅ ሪስፖንስ ታይም የሚለውም በመቶዎች ሚሊሰከንድ ከቆጠረ፣ ያኔ ድራይቩን መጠርጠር ተገቢ ነው። ጤነኛ ኤስኤስዲ ላይ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሚሊሰከንድ አይዘልም። ከፍላሽ ዲስክ ወደ ፍላሽ ዲስክ የሚዛመት ቫይረስም ዲስኩን ሥራ ሊያስይዘው ስለሚችል በዊንዶውስ ዲፌንደር አንድ ጊዜ ሙሉ ፍተሻ ያድርጉ።

ከዚህ በኋላ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ያስገቡ። ሲከፈት የድራይቩን ጤንነት በመቶኛ፣ ሙቀቱን፣ የሠራበትን ሰዓትና እስከዛሬ የተጻፈበትን ጠቅላላ መጠን ያሳያል። ሰማያዊ ደህና ማለት ነው፤ ቢጫ ተጠንቀቅ፣ ቀይ ጊዜ የለህም። ቶታል ሆስት ራይትስ የሚለውን ቁጥር ልብ ይበሉ። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው የ240 ጊጋው ኪንግስተን ኤ400 አምራቹ የሚሰጠው የጽሕፈት ዋስትና 80 ቴራባይት ነው። በቀን 20 ጊጋ የሚጽፍ የቢሮ ኮምፒውተር 80 ቴራውን ለመጨረስ 4,000 ቀን ይፈልጋል፤ ይህም አሥራ አንድ ዓመት ያህል ነው። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብርና በቀን 100 ጊጋ የሚጽፍ ቤት ግን በ800 ቀን፣ ከሁለት ዓመት ትንሽ ባለፈ ጊዜ ይደርስበታል። የእርስዎን ቁጥር በዚሁ መንገድ ያስሉ። ከ80ው ቴራ ገና 9 ወይም 10 ቴራ ብቻ የተጻፈበት ድራይቭ ቢዘገይ እርጅና ነው ማለት ይከብዳል።

ዝርዝሩ ውስጥ ሲአርሲ ኤረር የሚለው ቁጥር ከፍ ብሎ ካዩ ደግሞ ዴስክቶፕ ከሆነ ድራይቩን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘውን የሳታ ኬብል ይቀይሩ። በጥቂት ገንዘብ ኬብል ብዙ ድራይቭ ከመጣል ይድናል።

ፍጥነቱን ለመለካት ክሪስታልዲስክማርክን አንድ ጊዜ ያስኪዱ፤ ራሱ ብዙ ስለሚጽፍ ደጋግመው አይሞክሩት። የሳታ ኤስኤስዲ በመጀመሪያው መስመር በሰከንድ 500 ሜጋባይት አካባቢ ሊያነብ ይገባል። ላፕቶፕዎ የቆየና ሳታ ሁለት ብቻ የሚችል ከሆነ ግን ከ280 አይዘልም፤ ያ የማሽኑ ጣሪያ ነው። የመጨረሻው መስመር የትንንሽ ፋይሎች ነው። እዚያ ላይ ንባቡ ከ20 በላይ ከሆነ ጤና ነው፤ አምስት ስድስት ካለ ቀጣዮቹን ሥራዎች ይሥሩ።

ቦታ ይልቀቁለት

ከሁሉም ውጤት የሚያመጣው ይህ ነው። 240 ጊጋ ተብሎ የተሸጠው ድራይቭ በዊንዶውስ አቆጣጠር 223 ይላል። ከዚህ ውስጥ 20 በመቶው፣ ማለትም 45 ጊጋ ያህል ባዶ ሆኖ ይኑር። ሦስትና አራት ጊጋ ብቻ የቀረው ሲ ድራይቭ ላይ ሌላ ምንም ዓይነት ማስተካከያ ቢያደርጉ ልፋት ነው።

ከየት ይገኛል? በእኛ አገር ኮምፒውተሮች ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ቴሌግራም ነው። ከቻናልና ከግሩፕ የወረደው ቪዲዮ ዳውንሎድስ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ በሚል ፎልደር ይከማቻል፤ ከዚያ ውጭ ደግሞ ፕሮግራሙ ለራሱ የሚያስቀምጠው ካሽ አለ። በቴሌግራም ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ፣ ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ ገብተው ካሹን ያጽዱ፤ ጣሪያውንም ዝቅ አድርገው ይወስኑለት። አውቶማቲክ ዳውንሎዱንም ያጥፉት፤ ለኢንተርኔት ወጪም ይጠቅማል።

ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ከሆነ ፕሪሚየር ፕሮ ሚዲያ ካሽ የሚባል ክምችት ሲ ላይ ያስቀምጣል። ፕሮጀክቱ ተጠናቆ ደንበኛው ከወሰደ በኋላ ያ ሁሉ ፋይል ሥራ የለውም፤ ግን ማንም አይነካውም። ኤዲት፣ ፕሪፈረንስስ፣ ሚዲያ ካሽ ገብተው ይሰርዙት። ያለቀውን ሠርግ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ያውርዱ። ለማከማቻ አሁንም ሃርድ ዲስክ ርካሽና ተገቢ ነው፤ ኤስኤስዲው የሚሠሩበት ጠረጴዛ ይሁን።

ለዊንዶውሱ ዲስክ ክሊንአፕን ይክፈቱ፤ ክሊንአፕ ሲስተም ፋይልስ የሚለውን ይጫኑ። ትልቅ አፕዴት ካለፈ በኋላ አሮጌው ዊንዶውስ ብዙ ጊጋ ይዞ ተቀምጦ ይገኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ባለሙያ ይረሳዋል። ቦታውን ካስለቀቁ በኋላ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ሲን ሽሪንክ አድርገው ከአጠቃላዩ 10 በመቶ ያህል፣ በ240ው ላይ 22,000 ሜጋባይት ገደማ፣ ሳይከፋፈል ይተዉት። ያ ቦታ ማንም ሊሞላው ስለማይችል ድራይቩ ለውስጥ ጽዳቱ ይጠቀምበታል። ብዙ ሰው በሚነካካው የጽሕፈት ቤት ወይም የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ይህ ከማስጠንቀቂያ ሁሉ የተሻለ ጥበቃ ነው።

ትሪም ይሥራ፤ እረፍትም ይስጡት

ስታርት ላይ ኦፕቲማይዝ ብለው በእንግሊዝኛ ይጻፉና ዲፍራግመንት ኤንድ ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ የሚለውን ይክፈቱ። ከድራይቩ አጠገብ ሶሊድ ስቴት ድራይቭ መባሉን ያረጋግጡ፤ ከዚያ መጨረሻ የተሠራበትን ቀን ይመልከቱ። ዊንዶውስ ይህን በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲሠራ ታስቦ ነው የተሰናዳው፤ የሚሠራው ግን ኮምፒውተሩ በርቶ ሥራ ሲፈታ ነው። ጠዋት ተከፍቶ ሲሠራበት ውሎ ማታ የሚጠፋ ማሽን ላይ ተራው ሳይደርስ ሊከርም ይችላል። ድራይቩን መርጠው ኦፕቲማይዝ የሚለውን ይጫኑ። በኤስኤስዲ ላይ ይህ ቁልፍ በዋናነት የሚልከው ትሪም ነው፤ የድሮው ዲፍራግ አይደለም። በሌላ ሶፍትዌር ዲፍራግ ማድረግ ግን አያስፈልግም፤ ያለ ጥቅም ያስረጀዋል። ባዶ ቦታውን በዜሮ ሞልተን እናጸዳለን የሚሉትንም እንዲሁ አይንኩ።

ትሪም ከተላከ በኋላ ድራይቩ ጽዳቱን የሚያከናውነው ሥራ ሲፈታ ነው። ክሩሻል ኩባንያ ለደንበኞቹ የሚመክረው ኮምፒውተሩን አብርቶ፣ ስሊፕ እንዳይገባ አድርጎ፣ ምንም ሳይነኩ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት መተው ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ሰክተው አንድ ሌሊት ይተዉት። ጠዋት ለውጡን ያዩታል።

በዩኤስቢ መያዣ የሚሰካ ኤስኤስዲ ካለዎት መያዣው ትሪምን ላያስተላልፍ ይችላል። እንዲህ ያለውን አልፎ አልፎ ፋይሉን ገልብጠው፣ ድራይቩን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተው ኦፕቲማይዝ ያድርጉት።

ሙቀት

አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ከባድ ነው። ኩርሙክና ማንኩሽን በመሳሰሉ ቆላ ከተሞች ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ከቀትር በኋላ ምን እንደሚመስል የሚኖርበት ያውቀዋል። ክሪስታልዲስክኢንፎ ላይ ሙቀቱን በዚያ ሰዓት ያንብቡ እንጂ በጠዋቱ ቅዝቃዜ አይፍረዱ። ከ50 ዲግሪ በታች መልካም ነው። የተለመዱት የሳታ ድራይቮች የሚችሉት እስከ 70 ነው። ኤንቪኤምኢ የሚባሉት ፈጣኖቹ ከ70 እስከ 85 ባለው ውስጥ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ሲበርዱ ይመለሳሉ። ጠዋት ሮጦ ከሰዓት የሚንፏቀቅ ማሽን ካለዎት ምልክቱ ይኸው ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ላፕቶፑን ከአልጋና ከብርድ ልብስ ላይ ያንሱ፤ ከሥሩ አየር እንዲያልፍ ከፍ ያድርጉት። በበጋ አቧራ ማራገቢያውን ስለሚደፍነው ክረምቱ ሳይገባ ያስጸዱት። ዴስክቶፕ ላይ ላለ ኤንቪኤምኢ ትንሽ የአሉሚኒየም ሂትሲንክ በቂ ነው።

መብራት

የሕዳሴ ግድብ በክልላችን ጉባ ወረዳ ቆሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዟል። እስከ ቤታችን የሚደርሰው መስመር ግን ዝናብና መብረቅ በሚበዛበት በእኛ ክረምት ሲቋረጥና ሲመለስ ይታያል፤ ድራይቩን የሚጎዳው ይህ ነው። ኤስኤስዲ እያንዳንዱ ፋይል ቺፑ ላይ የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ አለው፤ ካርታውን እያሻሻለ ሳለ መብራት ቢቋረጥበት ሊዛባ ይችላል። ለትልልቅ ሰርቨሮች የሚሠሩት የመጠባበቂያ ካፓሲተር ተገጥሞላቸዋል፤ እኛ የምንገዛቸው በአብዛኛው የላቸውም። ዴስክቶፕ ላይ ዩፒኤስ የግድ ነው። ላፕቶፕም ቢሆን ባትሪው ከሞተ ከዴስክቶፕ አይለይም፤ ባትሪውን ያስቀይሩ።

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ኮምፒውተሩ ሳታ ኤስኤስዲውን አላየውም ካለ ተስፋ ሳይቆርጡ ይህን ይሞክሩ፤ ይህም የክሩሻል ምክር ነው። የዳታ ኬብሉን ነቅለው የኃይል ኬብሉን ብቻ ይተዉ። ኮምፒውተሩን አብርተው 20 ደቂቃ ይጠብቁ። አጥፍተው ኃይሉን ለ30 ሰከንድ ይንቀሉ፤ እንደገና 20 ደቂቃ ያብሩ። በመጨረሻ የዳታ ኬብሉን መልሰው ያስነሱ። ድራይቩ በዚህ ጊዜ ውስጥ ካርታውን ጠግኖ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ከተመለሰ በዚያው ሰዓት ፋይልዎን ይገልብጡ።

አሁንም ከዘገየ

አንድ የመጨረሻ ሙከራ አለ። ሁሉንም ፋይል ወደ ውጭ ካወጡ በኋላ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ሲጭኑ የቆዩትን ፓርቲሽኖች ሰርዘው ድራይቩን ባዶ ያድርጉት። ለዳታ ብቻ የሚጠቀሙበት ከሆነ ክዊክ ፎርማት ይበቃል፤ ለጠቅላላው ቦታ ትሪም ይልካል። ፉል ፎርማት አይምረጡ፤ እሱ ድራይቩን ሙሉ በሙሉ ይጽፍበታል።

ይህ መንገድ ሌላም ጥቅም አለው። ለረጅም ጊዜ ሳይነካ የቆየ ፋይል ቻርጁ እየሳሳ ስለሚሄድ ድራይቩ ደጋግሞ ካላነበበ አያገኘውም። እ.ኤ.አ. በ2014 የሳምሰንግ 840 ኢቮ ገዢዎች ወራት ያስቆጠረ ፋይል ሲከፍቱ መዘግየቱን አስተውለው፣ ኩባንያው በዚያው ዓመት ጥቅምት፣ ከዚያም በ2015 ሚያዝያ ማስተካከያ ሶፍትዌር አውጥቷል። ፋይሉን አውጥቶ መልሶ መጻፍ ቻርጁን ያድሰዋል።

በዚሁ ምክንያት ያረጀ ኤስኤስዲን ካዝና ውስጥ ቆልፎ መዝገብ ቤት ማድረግ አይገባም። ጄዴክ የሚባለው የቺፕ አምራቾች ደረጃ አውጪ ማኅበር ለግል ኮምፒውተር ድራይቮች ያስቀመጠው መለኪያ፣ የጽሕፈት ዕድሜውን የጨረሰ ድራይቭ ያለ ኃይል በ30 ዲግሪ አንድ ዓመት መረጃውን እንዲይዝ ነው። ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ሲጨምር ጊዜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። አዲስ ድራይቭ ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ ቆርቆሮ ሥር ተዘግቶ የከረመ የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ወይም ለረጅም ጊዜ ሥራ ያቋረጠ ቢሮ ግን ሊያስብበት ይገባል። ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራ ፋይሉን መገልበጥ ይሁን።

ግዢ የግድ ከሆነ

ጤናው ከ10 በመቶ በታች የወረደ፣ ቢጫ ወይም ቀይ የሚያሳይ፣ ወይም ይህ ሁሉ ተደርጎለት ያልተመለሰ ድራይቭ ይቀየር። ሲገዙ ከሚሠሩት ከፍ ያለ መጠን ይምረጡ፤ ትልቁ ድራይቭ ባዶ ቦታም የጽሕፈት ዕድሜም አብሮ ይዞ ይመጣል። የ500 ጊጋው ሳምሰንግ 870 ኢቮ ዋስትናው 300 ቴራ ነው። ቪዲዮ የሚሠሩ ከሆነ ኪውኤልሲ ከሚባለው ርካሽ ዓይነት ይጠንቀቁ። የ1 ቴራው ሳምሰንግ 870 ኪውቮ መጀመሪያ ላይ በሰከንድ 500 ሜጋ እየጻፈ ጊዜያዊ ማረፊያው ሲሞላ ወደ 80 ይወርዳል። ትልቅ ፋይል ሲገለብጡ በሚከፈተው ሳጥን ላይ አረንጓዴው ግራፍ ከፍ ብሎ ሄዶ ድንገት ገደል ሲገባ ያዩት እንደሆነ ድራይቩ አልታመመም፤ አሠራሩ ነው። ለሰነድና ለሙዚቃ ማስቀመጫ ምንም አይልም።

አንድና ሁለት ቴራ ተብሎ በማይታመን ዋጋ የሚቀርብ ውጫዊ ኤስኤስዲ ብዙ ጊዜ ውስጡ ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ነው። ኤችቱቴስትደብልዩ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ድራይቩን ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነቱን ይናገራል። ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ ደግሞ ሻጩ ፊት ክሪስታልዲስክኢንፎን ከፍተው የተጻፈበትን መጠንና ሰዓቱን ያንብቡ። ዕቃው ከአዲስ አበባ በሰው የሚላክ ከሆነ ሻጩ ይህንኑ ገጽ ፎቶ አንስቶ አስቀድሞ በቴሌግራም ይላክልዎ፤ የመመለሻ ቀኑንም የመንገዱን ጊዜ አስልቶ ደረሰኙ ላይ ይጻፍልዎ።